«ኬሚካል የለበትም» የተባለው የጦስኝ ዘይት

…እናቴ ሳል ሲይዘን ጦስኝ ቆንጠር አድርጋ ሻይ ውስጥ ትጨምርና፣ ከዚያ…

ትዝታውን አልጨረስኩትም። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን፣ ከአምልኮ በኋላ፣ አንድ ወንድም ትንሽ ጠርሙስ ከፍ አድርጎ «የተራራ ጦስኝ ዘይት! ምንም ኬሚካል የለበትም!» ሲል አቋረጠኝ።

ኬሚካል የሌለበት ዘይት። ውሃ የሌለበት ወንዝ በሉት።

ላቦራቶሪ የምትሠራው እህቴ ማርታ አላስቻላትም።

«ቲሞልና ካርቫክሮል ምንድን ናቸው ታዲያ? የጦስኝ ሽታ ራሱ እነሱ ናቸው። ይሄ ደግሞ ከስንት ጆንያ ቅጠል ተነጥሮ የወጣ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል።»

«እህት ማርታ፣ ይሄን ጌታ ነው የፈጠረው። የአንቺን ፋብሪካ።»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እማማ ብርቄ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ከኋላችን ቆመዋል። «እኔ እኮ ባለፈው ከእሱ ገዝቼ፣ ያው እንደ ቅጠሉ ነው ብዬ ጠዋት ሲያስለው ደረቱን በደንብ አሸሁት» አሉና የሕፃኑን ሸሚዝ ገለጡ። ደረቱ ቲማቲም መስሏል፤ ሲተነፍስ ያፏጫል።

ሻጩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አይዞዎት እማማ፣ በሽታው እየወጣ ነው።»

ማፈርንም ኬሚካል ነው ብሎ ትቶታል መሰለኝ።

ይህን የምጽፈው ከድንገተኛ ሕክምና መጠበቂያ ክፍል ነው። ማርታ ጠርሙሱን ይዛለች፣ እማማ ብርቄ ሕፃኑን። እናንተስ «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ ምን ገዝታችሁ ምን ደረሰባችሁ? ጻፉልኝ፤ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም።

ነርሷ የሕፃኑን ስም ጠራች። እማማ ብርቄና ማርታ ተከትለዋት ገቡ። ብድግ ስል በሩ ተዘጋ።