በእናቴ ካርድ ላይ የተመታው ማኅተም

ይሄን ነገር ባነሳሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰው ሁሉ «ታዲያ ምን አለበት? ማኅተም ነው እኮ!» ይለኛል። አዎ፣ ማኅተም ነው። በእናቴ የመራጭነት ካርድ ላይ፣ ዓይኗ እያየ፣ የፓርቲ ስም ያለበት ማኅተም ዷ አድርገው መቱበት። እኔ ደግሞ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ የፕሬዚዳንት ምርጫ ዓመት። አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ካሮልተን ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተከራይተን ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። እሷ የአሜሪካ ዜግነቷን ያገኘችው ከጥቂት ወራት በፊት ነው። መቶውን የዜግነት ጥያቄ በካሴት ቀድቼላት፣ ሽንኩርት እየከተፈች ስትለፈልፈው ከርማ፣ ፈተናውን ባንዴ አለፈችው። ሰባ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም፤ በነፃነት መርጣ ግን አታውቅም። የመራጭነት ካርዷ በፖስታ ሲመጣ በላስቲክ ሸፍና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አንድ ቀን እንኳ ሳልመርጥ አልሞትም» ትል ነበር።

ማርች ላይ የፓርቲዎቹ ምርጫ መጣ። እዚህ አገር ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በኖቬምበር ነው። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ፓርቲ ማንን እንደሚያቀርብ ሕዝቡ ይመርጥለታል። ቴክሳስ ውስጥ ቀድሞ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም፤ መራጩ በዕለቱ ሄዶ ከሁለቱ ዋና ፓርቲዎች በአንዱ ገብቶ ይመርጣል፣ በኖቬምበር ደግሞ ያሻውን። እኔ ይሄን ሁሉ አውቅ ነበር። ቁጭ ብዬ ላስረዳት ይገባኝ ነበር። ግን ሆስፒታል ሺፍት ነበረብኝ፤ «ነይ፣ ቶሎ ልበሺ» ብዬ እያዋከብኩ ይዣት ሄድኩ።

ምርጫው የሚካሄደው እዚያው ሰፈራችን ባለ ትምህርት ቤት መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር። ከኋላችን አንድ ሀበሻ ቆሟል፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰላም ከመባባል ያለፈ የማናውቀው ሰውዬ። ተራችን ሲደርስ ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው አሮጊት ፈረንጅ የእናቴን ካርድ ተቀበለችና፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ፣ «የትኛው ፓርቲ?» አለች። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔም በሽቄ፣ በአማርኛ፣ ያውም ጮክ ብዬ፣ «እማዬ፣ የየትኛው ፓርቲ ነሽ ነው የምትለው» አልኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። ከኋላችን ያለውን ሰውዬ ገልመጥ አድርጋ አየችውና «የማንም አይደለሁም በያት» አለችኝ በሹክሹክታ። ለሴትዮዋ ነገርኳት። «እንደዚያ ከሆነ መምረጥ አትችልም። አንዱን ትናገር» አለች። ሰልፉ ውስጥ አንዱ በረጅሙ ተነፈሰ። እኔም ሰዓቴን አየሁ። ከዚያ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እናቴን ሳልጠይቅ የራሴን ፓርቲ ተናገርኩላት። ማኅተሙ ያረፈው ያኔ ነው።

 መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ የምርጫ ወረቀቱን ምንም ሳትሞላበት ሳጥን ውስጥ እንደከተተችው ነገረችኝ። «ስለ እኔ ተናገሪ ብሎ ማን ፈቀደልሽ?» አለችኝ። «ምን አደረግኩ? ያው ሥርዓቱ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። ያኔ ነው የነገረችኝ። ታላቅ ወንድሜ በደርግ ጊዜ ተወስዶ እንደቀረ አውቃለሁ፤ እንዴት እንደተወሰደ ግን አፏን ከፍታ አታውቅም። የቀበሌ ሰዎች ደጃፋችን ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ፣ «የልጅሽ ድርጅት የትኛው ነው?» ብለው ጠየቋት። እውነቱን ብትነግራቸው መክረው የሚለቁት መስሏት ተናገረች። «እፊቴ ነው የጻፉት» አለችኝ።  ያን ቀን ሥራ የገባሁት እንዴት እንደሆነ አላስታውስም።

በማን ልናደድ? በሴትዮዋ ተናደድኩ፤ ምን ነበረበት ድምጿን ዝቅ ብታደርግ! በሕጉ ተናደድኩ። ድምፅ ምስጢር ነው እያሉ በር ላይ አስጩኸው ይጠይቃሉ፣ ከዚያም ካርድ ላይ ይመቱልሻል። ለምን ሲባል በአንዱ ፓርቲ የመረጠ ሰው በዚያው ዓመት ሌላው ጋ ሄዶ እንዳይደግም ነው። ይሁና! ሌላ ዘዴ ጠፍቶ ነው? ከሁሉም የባሰ ግን በራሴ አንጀቴ አረረ። ሰዓቴን ያየሁት እኔ ነኛ።

በጋውን ሙሉ ለመንኳት። «ማኅተሙ በዓመቱ ይሞታል፤ በኖቬምበር ፓርቲሽን የሚጠይቅሽ የለም» አልኳት። «ታዲያ ለምን መቱት?» አለችኝ። ደግሞ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የሚመርጡት የየስቴቱ ወኪሎች መሆናቸውን፣ ቴክሳስ ላይ ያሸነፈ የቴክሳስን ወኪሎች ጠቅልሎ እንደሚወስድ አስረዳኋት። «እና የተሸነፈውን የመረጠ ሰው፣ ድምፁ የት ይገባል?» አለች። ወይ ጉድ! ስንት ዓመት እዚህ ስኖር ይሄ ነገር አንድ ቀን እንኳ አናዶኝ አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያናድደኛል።

ተስፋ ቆርጬ ነገሩን ከተውኩት በኋላ፣ ምርጫው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ራሷ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። «የተወዳዳሪዎቹን ስም በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ፤ ጎን ለጎን በአማርኛ አድርጊው» አለችኝ። የዋናዎቹን ስጽፍ እጄን ያዘችና «የሁሉንም ነው ያልኩሽ። አንድም እንዳታስቀሪ» አለች። የሁሉንም ጻፍኩ።

በምርጫው ቀን እረፍት ወሰድኩ። ካርዷን የተቀበለው ሰውዬ ስሟን መዝገቡ ላይ ሲፈልግ እናቴ አፉን አፉን ታየው ነበር። ምንም አልጠየቃትም። እንግሊዝኛዋ ደካማ መሆኑን ሲያይ፣ ከፈለገች ቃለ መሐላ ፈጽሜ አብሬያት ገብቼ ልረዳት እንደምችል ነገረኝ። ተረጎምኩላት። «ብቻዬን» አለችና የጻፍኩላትን ወረቀት ይዛ ገባች።

ቆየች። በጣም ቆየች። አንዲት ወጣት ሰዓቷን ስታይ ዓይኔን አፈጠጥኩባት። በመጨረሻ እናቴ ወጣች፤ የመረጠችበትን ወረቀት በእጇ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች፣ የእኔን ጽሑፍ ደግሞ ብጭቅጭቅ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው። እንባዬ መጣ። ደስ ብሎኝ ነው።

መኪና ውስጥ ግን አላስቻለኝም። ሞተሩን እንኳ ሳላስነሳ፣ እየሳቅኩ፣ «እሺ እማዬ፣ ማንን መረጥሽ?» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ።

«አንቺም ትጠይቂኛለሽ?» አለችኝ።