ለእንግዳ የተሰናዳ የበቆሎ ማሳ

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያው ስልክ ጮኸ። ወንበሩ ላይ ከተቀመጥሁ ሩብ ሰዓት አይሞላኝም። ቢሮው ባሕር ዳር ውስጥ ለገበሬ የሰብል መድን የሚሸጥ ትንሽ ቢሮ ነው፤ ማዕረጌ «ጀማሪ የጉዳት ገማች»። መሣሪያዬ ሜትር፣ ሲባጎ፣ አራት ችካልና የግምት ቅጽ ነበር። በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄያለሁ፤ ለማላውቀው ሰው ስልክ ማንሳት ግን ማንም አላስተማረኝም።

«አንሽው፣ አይነክስም» አሉኝ የካሳ ክፍል ኃላፊው አቶ ይስማው።

የደወሉት ከቁንዝላ ወዲያ የሚኖሩ ቄስ አዱኛ የሚባሉ ደንበኛ ናቸው። በመንደሩ አረቦን፣ የመድን ክፍያውን፣ የከፈሉ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሁለት ቃዳ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር በቆሏቸውን በረዶ መታው። ከዚያ ማሳ ሌላ የዓመት ቀለብ የላቸውም።

ስልኩ አጠገብ ለደንበኛ የሚነገረው ተጽፎ ተለጥፏል። የመጀመሪያው መስመር «ገማች እስኪመጣ ማሳውን አይንኩ» ይላል። እኔ ግን የአያቴን እኩያ፣ ያውም ቄስ፣ በስልክ ማዘዝ ከበደኝ።

«አባ፣ ሐሙስ እመጣለሁ። በእኔ ምክንያት ምንም አይቸገሩ» አልሁ።

«እንግዳ እየመጣ እንዴት ዝም ብዬ እቀመጣለሁ?»

ትሕትና መሰለኝ።

ሐሙስ ረፋድ ደረስሁ። የቁንዝላ መንገድ ያልታሰረን ነገር ሁሉ ይበትናል፤ ችካሎቼን ከሦስት ተሳፋሪ እግር ሥር ለቅሜ ወረድሁ። ቄስ አዱኛ ነጭ ጋቢ ለብሰው ማሳቸው ዳር ቆመው ጠበቁኝ። ማሳው የንግሥ ቀን የቤተ ክርስቲያን ግቢ ይመስላል። አንድ የተሰበረ አገዳ የለም። አንድ የተቀደደ ቅጠል የለም። የተንጋደደው ተቃንቶ አፈር ታቅፏል። በመካከሉ ሰፋፊ ባዶ ቦታ አለ፤ እሱም ተጠርጓል።

«አባ፣ በረዶ የመታው የትኛው ነው?»

«ይኸው ነዋ።»

«የተሰበረውስ?»

«ሰው ከባሕር ዳር ድረስ ሲመጣ የተሰበረ ላሳየው ኖሯል? ደቦ ጠርቼ አጸዳሁት እንጅ።»

ባለቤታቸው እማማ እታለማሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጃችንን ስንድር ግቢው እንኳ እንዲህ አልጸዳም።»

አገዳው የት እንደገባ ጠየቅሁ። በአገጫቸው ወደ በረቱ አመለከቱኝ። ማስረጃዬን ላሟ እያመነዠከች ዐይን ዐይኔን ታየኛለች።

ሜትሬን አውጥቼ ሥራዬን ጀመርሁ። የግምት መመሪያው እንዳዘዘው እርምጃ ቆጥሬ፣ ችካል ተክዬ፣ ሲባጎ ወጥሬ፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ውስጥ ያለውን አገዳ ቆጠርሁ። በማጭድ የተቆረጠውን ቅጹ «ባለቤቱ ያጨደው» ይለዋል እንጅ ጉዳት አይለውም። አምስት ቦታ ለካሁ።

«ስንት አገኘሽ?» አሉ ቄስ አዱኛ።

«የቆመው ሁሉ ደህና ነው፣ አባ።»

«ተመስገን» አሉና አማተቡ።

ደህና ከሆነ ካሳ እንደሌለ ለማስረዳት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አቋረጥሁ። በሦስተኛው ገባቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ታዲያ ልጆቼን ዓመቱን ምን ላበላ ነው?» አሉ፣ እኔን ሳይሆን በቆሎውን እያዩ።

እንግዳ ሊያዩ ማሳው ዳር የተሰበሰቡት የደቦው ሰዎች ግን ተስፋ አልቆረጡም። ከላሟ የተረፈውን አገዳ ከአፏ ቀምተው አመጡና መሬቱ ላይ ይተክሉት ጀመር። አንዱ «ይኸ ወደ ጣና ነበር ያዘነበለው» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ወደ ቤትህ ነበር» ይላል። አንድ ቅጠሉ የተበላ አገዳ ላይ «ይኸንስ በረዶ ነው ወይስ ላም?» ብለው ተከራከሩ።

«አይሆንም» አልሁ። ማንም አልሰማኝም። ደግሜ አልሁት። እማማ እታለማሁ የጠማኝ መስሏቸው አንድ ጣሳ ወተት አመጡልኝ። መመለሱን ስላፈርሁ ጠጣሁት። ከዚያ ጣሳውን አስቀምጨ ጮህሁ። «ውሸት ነው። በውሸት ብጽፈው እርስዎም እኔም እንከሰሳለን።»

ሁሉም አገዳውን እንደያዘ ዞሮ አየኝ። እኔም ደነገጥሁ።

«እውነቷን ነው። ንቀሉት» አሉ ቄስ አዱኛ።

ከድንበሩ ማዶ ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው ሳቀ። ጎረቤታቸው አያ ሞላ ነው። «ነግሬዎት ነበር፣ አባ። ለሰማይ ግብር የከፈለ ሰው እርስዎን አየሁ።»

«አንተ ደግሞ የደቦውን ጠላ ጠጥተህ ማጭድ ሳትይዝ የሄድህ» አሉ እማማ እታለማሁ።

ያን ጊዜ ከኋላው ያለውን ማሳ አየሁት። በበረዶ እንደተመታ ተኝቷል። አገዳው እንደተሰበረ፣ ቅጠሉ እንደተተለተለ።

«አያ ሞላ፣ ማሳዎን ልየው?»

«የኔን? እኔ አረቦን አልከፈልሁም።»

«ለማነጻጸር ነው። ከበረዶው በኋላ ነክተውታል?»

«እሱ ምን ነክቶ ያውቃል?» አሉ እማማ እታለማሁ።

መመሪያው የደንበኛው ማሳ ከተነካ በአዋሳኙ ማሳ ማነጻጸርን ይፈቅዳል፤ ዘሩና የተዘራበት ሳምንት አንድ ከሆነ። አንድ ነበር፤ ዘሩን ያበደሩትም ያዘሩትም ቄስ አዱኛ ናቸው። አያ ሞላ እንደ ሹም ከኋላዬ ተከተለኝ። «ቀስ እያልሽ ርገጭ፣ እንዳታበላሽብኝ» ይለኛል። በእሱ ማሳ የተሰበረውን፣ በቄሱ ማሳ ደግሞ የተቆረጠውን ጉቶ ቆጠርሁ። በአምስቱም ቦታ ተቀራረበ።

አያ ሞላ በምስክርነት ሲፈርም «ሰነፍ ብለሽ እንዳትጽፊ» አለኝ። «ያልተነካ ማሳ» ብዬ ጻፍሁ። ሳነብለት በጣም ደስ አለው። እስከ ማታ ለመንደሩ ሲያወራው እንደዋለ ሰምቻለሁ።

ከቅጹ አንድ መስመር ቀረኝ፦ «ማሳው ከግምት በፊት የተነካው በማን ጥፋት ነው?» የደንበኛው ከሆነ ካሳ ይቀራል። አቶ ይስማውን በስልክ ጠየቅኋቸው።

«መመሪያውን ነግረሻቸው ነበር?»

«አልነገርኋቸውም» አልሁ።

«የሙከራ ጊዜ ላይ ነሽ፣ ልጄ። አስበሽ ሙይው» አሉና ዘጉት።

ካሳው ኋላ ተከፍሏል፤ የእኔም የሙከራ ጊዜ ሦስት ወር ተራዝሟል። ዛሬ አዲስ ገማች ሲመጣ የምነግረው አጭር ነው። ደንበኛው የቱንም ያህል ትልቅ ሰው ቢሆን ማሳውን እንዳይነካ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ጥፋቱ የእናንተ ነው።

ያን ጊዜ ግን በማግስቱ፣ አርብ ጠዋት፣ ከሁሉ ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። «በማን ጥፋት» በሚለው ባዶ መስመር ላይ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ጻፍሁ፣ ፈረምሁ፣ ቅጹንም አቶ ይስማው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጨ ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆምሁ።