ነጩ ከጥቁሩ ይገጥማል?

ከባሕር ዳር በወጣሁበት ምሽት አባቴ የመግሪብ ሰላታቸውን ሰግደው እንደ ጨረሱ ባናቸውን ከመደቡ ላይ አነሡና ስፌቱን በምላጭ ይፈቱ ጀመር። ባና ለማታውቁ ልጆች ልንገራችሁ፤ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ከባድ ብርድ ልብስ ነው። ሸማኔ ሰፊ አድርጎ መሥራት ስለማይችል ሁለት ጠባብ ወርድ ይሠራና መሃል ላይ በስፌት ያጋጥመዋል። ያንን ባና የሠሩት አባቴ ራሳቸው ናቸው፤ ሸማኔ ናቸውና። ጥቁር ሆኖ አለፍ አለፍ እያለ ነጭ መስመር አለው። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች፣ ከሳቸው ጋር በዚያ ባና ሥር ነው ያደግሁት።

«ምነው አባየ፣ ለምን ያፈርሱታል?» አልኋቸው።

«አንዱን ወርድ ያዥ። ሙሉውን ብትወስጅ እኔ በርዶኝ አድራለሁ፣ ብትተይው አንች በርዶሽ ታድሪያለሽ። አላህ ሲያገናኘን እንሰፋዋለን» አሉኝ።

ጓደኞቼ በፖለቲካ ተጠርጥረው፣ ተለቅመው ታስረው ነበር፤ ቀበሌው የኔንም ስም መጠየቅ ጀምሯል። ስለዚህ አባቴ «ልጄ ሳላውቅ ጠፋች» ሊሉ ተስማማን። እኔም የእህል ነጋዴ መስዬ ጣናን በታንኳ ተሻገርሁ። ሐይቁ ላይ ያ ጠባብ ወርድ ራሴን ሲሸፍን እግሬን ያራቁተኛል፣ እግሬን ስሸፍን ራሴን። ከዚያ በቆላ ድባ አድርጌ መተማ፣ ከመተማ ሱዳን፤ ስንቱን ላውጋችሁ! ካርቱም የሰው ቤት ሳጥብና ሳበስል ከርሜ በመጨረሻ ጣሊያን አገር፣ ፕራቶ የምትባል የሱፍ ከተማ ገባሁ።

እዚህ ሁሉ ነገር አለ፣ ጣዕም ግን የለም። ፖሌንታ የሚሉት ገንፎ አላቸው፤ ቅቤም በርበሬም ያልነካው፣ የበሽተኛ ምግብ። ዓሣቸውን ስበላ ቆሮሶ የምንለው የጣና ዓሣ ትዝ ይለኛል። ብርዱ ደግሞ እርጥብ ነው፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ አይወጣም። የማድረው ምድር ቤት ነበር፤ አከራዬ፣ ሲኞራ የምላት ወይዘሮ፣ አንድ ቀን አፍንጫዋን ይዛ ወረደች።

«ቤትሽ ውስጥ እንስሳ አለ።»

«የለም ሲኞራ።»

«ይሸተኛል! ውሻ ነው?»

«ብርድ ልብሴ ነው። የበግ ጠጉር።»

«በግ!» ብላ ጮኸች።

ውሉ ውሻና ድመት ይላል እንጂ በግ አይልም ብዬ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኋት። በማግስቱ በጉም ክልክል መሆኑን ጽፋ የቤቴ በር ላይ ለጥፋው አገኘሁ።

ቤቱን እንዳልለቅ ሌላ የሚያከራየኝ የለም። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፐርሜሶ የሚሉት፣ ከሥራዬ ጋር የታሰረ ነው፤ ሥራውን ብለቅ አገሩንም እለቃለሁ። ከኋላዬ ቀበሌ፣ ከፊቴ ፐርሜሶ። ሥራውም መስኮት በሌለው ክፍል ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ነው። የጨርቅ ፋብሪካ ያለው አሠሪያችን፣ ሱፉ ገና ሳይሸመን በስክሪን ላይ ለገዢ ማሳየት ፈልጎ ነበር። ድሩንና ማጉን መሣል አልከበደንም፤ ሱፍ ማስመሰሉ ግን አቃተን። የሠራነው ሁሉ ቆርቆሮ ይመስላል። ማሽኑ አንዲት ትንሽ ካሬ ሥዕል እየደጋገመ ይዘረጋል፤ እውነተኛው ሱፍ ግን አንዱ ክር ይወፍራል፣ አንዱ ይቀጥናል፣ ጠጉሩ ይቆማል።

በመጨረሻ የኔን ወርድ ይዤ ሄድሁ። ፎቶ አንሥተን ማሽኑ ውስጥ አስገባነውና ጥቂት ቀን ታግለን ስክሪኑ ላይ አወጣነው። ሳላስበው እጄን ሰድጄ ዳሰስሁት። ቀዝቃዛ መስታወት ነው። እዚያው አለቀስሁ።

አሠሪያችን ግን «ቤሎ! ቤሎ!» እያለ አጨበጨበ። «አሁን ሙሉውን አሳዩኝ።»

ሙሉውን ከየት ላምጣ? መሃሉ ላይ፣ ስፌቱ ጋ፣ የአንዱ ወርድ ነጭ መስመር ከሌላው ነጭ ጋር ይገናኝ ነበር ወይስ ከጥቁሩ? ያን ሁሉ ዘመን ተኝቼበት ጠፋኝ። ጎረቤታችን ሐጂ ሙሳ ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ሱቃቸው ስልክ ነበራቸውና አባቴን አስጠርቼ ጠየቅሁ።

«አባየ፣ ነጩ ከነጩ ይገጥማል ወይስ ከጥቁሩ?»

አባቴ ሣቁ። ስለ ሥራቸው ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም መሰለኝ። «ከጥቁሩ ነው እንጅ! መሃል ላይ ይገጥማሉ፣ ጥቁሩ ነጩን ይውጠዋል» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ስልኩ ጧ ብሎ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ብደውል ብደውል የሚያነሣ ጠፋ።

ወሬውን የነገረኝ ካርቱም ሳለሁ የማውቀው አንድ የወረታ ነጋዴ ነው፤ ከአገር ቤት ካርቱም ተመልሶ ከዚያ ደወለልኝ።

«አባትሽ ቀበሌ ታስረዋል። ስልኩን ጠልፎ የሚሰማ ሰው ነበር። ‹ነጩ ማን ነው? ጥቁሩ ማን ነው? የሚገጥሙት የት ነው?› እያሉ አፋጠዋቸዋል።»

ለሸማኔ መግጠም መስፋት ነው፤ ለካድሬ ግን ውጊያ ነው። «ባና ነው አላሏቸውም?» አልሁት።

«አሉ እንጅ። ‹ባናውን አምጣ› ተባሉ፤ አንዱን ወርድ አመጡ። ‹ሌላውስ?› ሲሏቸው ‹አይጥ በላው› አሉ። ‹ስፌት በምላጭ የምትፈታ አይጥ!› አላቸው ሊቀ መንበሩ።»

ሣቅሁ፤ ሣቄ ግን አፌ ላይ ደረቀ። ሳያውቁ የጠፋች ልጅ የባናውን ግማሽ ይዛ አትጠፋም። ሸኝተውኝ እንደነበር ያ ግማሽ ወርድ መሰከረባቸው። ሄጄ በሳቸው ፈንታ አልታሰር፣ እዚህ ተቀምጬ አልተኛ። አሠሪያችን በየቀኑ «ሙሉው የታለ?» ይለኛል፤ እኔም ነጩን ከጥቁሩ እያጋጠምሁ በኮምፒውተሩ መስፋቴን ቀጠልሁ። ብርድ ልብሱ ስክሪኑ ላይ አለቀ፤ አባቴ ግን አልተፈቱም።

ክረምቱ ወጥቶ አንድ ቀን የሐጂ ሙሳ ስልክ ተነሣ። አባቴ ተጠርተው መጡ። ድምፃቸው ሳስቶ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ፣ ቤቴ ገባሁ» አሉኝ።

«አባየ፣ ሌሊት ይበርድዎታል? ባናውን መለሱልዎ?»

«የምን ባና?» አሉ ጮክ ብለው፣ ለኔ ሳይሆን ለሌላ ሰው እንደሚናገሩ ሁሉ። «እኛ ቤት ባና የለም። ኖሮም አያውቅም።»

የባናው ግማሽ ጉልበቴ ላይ ነበር። «ታዲያ በምን ይተኛሉ?» አልኋቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንደ አንችው» አሉኝ።

ግማሹ ተርፎልኛል ማለታቸው ይሁን፣ በርዶኝ አድራለሁ ማለታቸው ይሁን፣ ስልኩን የሚሰማ ስላለ መጠየቅ አልቻልሁም።