የኋላው ኮርቻ

ባለ ሁለት ኮርቻው ብስክሌት ዓመቱን ሙሉ ብየዳ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከረመ። በያጁ ከሥሩ ሆኖ በር ይሠራል፣ የአጥር ብረት ይቀጥላል፣ እግሩ የወለቀ አልጋ ያስተካክላል፤ ብስክሌቱ ከላይ ሆኖ አቧራ ይጠጣል። ሽጠው ያሉት ነበሩ፤ ፈታተህ ለብረቱ ተጠቀምበት ያሉትም አልጠፉም። ለእንዲህ ያለው ምክር የበያጁ መልስ የታወቀ ነው። የብየዳ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ያወርድና እሳቱን ያንጣጣዋል። እሳት ከያዘ ሰው ጋር ደግሞ ማን ይከራከራል?

ብስክሌቱን የሠራው ለታናሽ ወንድሙ ነበር። ታናሽየው ቤት ቀቢ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር የአንዱ ሰው ሳሎን ቀለም የማይጠፋ፣ ከንግግሩ ሳቁ የሚቀድም ሰው። በከተማው የብስክሌት ቡድን ውስጥ ከፊት እየነዳ ለሌሎቹ ነፋስ የሚሰብርላቸውም እሱ ነበር። ቡድን ይባል እንጂ ከየሥራው የተለቃቀመ ሰው ነው፤ ፀጉር አስተካካይ፣ የሒሳብ አስተማሪ፣ የባንክ ዘበኛ፣ ሁለት ነርሶች፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። በዓመት አንድ ቀን ከከተማው መሃል ተነሥተው ዳር ላይ፣ ዳገቱ አናት ወዳለው ሆስፒታል ይነዳሉ። ዘመድ፣ ጎረቤትና ደንበኛ፣ እስከ ሆስፒታሉ በር ለሚደርስ ለእያንዳንዱ ብስክሌተኛ የአቅሙን ያህል ገንዘብ ሊሰጥ ቃል ይገባል፤ የተሰበሰበው መክፈል ላቃታቸው ሰዎች የኩላሊት እጥበት ይውላል። ቀቢው ለእነዚህ ሰዎች ዓመታት ነድቶ ነድቶ፣ አንድ ቀን ራሱ ከእነሱ ጋር ወረፋ ያዘ። ይሄን ምን ይሉታል?

በያጁ «አንዱን ኩላሊቴን ውሰዱለት» ብሎ ቢመላለስም አይገጥምም ተባለ። ብረት ከብረት ሲያጋጥም ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነውና ይቺ አይገጥምም የምትባል ቃል አልዋጥ አለችው። ሌላ የሚሰጠው ቢያጣ፣ ሁለት አሮጌ ብስክሌቶች ቆርጦ አንድ አደረጋቸው፤ ወንድሙ አቅም ቢያንሰው እንኳ ከጓደኞቹ እንዳይለይ። ፀጉር አስተካካዩ ገና ሲያየው «ባቡር» አለው፤ ስሙ ባቡር ሆኖ ቀረ።

የባቡሩ መሪም ፍሬንም ያለው ከፊት ነው። ከኋላ አንድ ኮርቻ፣ እጅ የሚያርፍበት የማይዞር ብረትና ፔዳል ብቻ። የፊቱንና የኋላውን ፔዳል አንድ ካቴና ስላሰራቸው የአንዱ እግር ከዞረ የሌላውም ይዞራል። ስለዚህ ከፊት ያለው እግሩን ከማሳረፉ በፊት «እግር!» ብሎ ይጮኻል፤ ከኋላ ያለው «እሺ!» ይላል፤ አራቱም እግሮች አብረው ይቆማሉ። ወንድማማቾቹ በዚህ ጥሪና መልስ ስንት መንገድ ወጡ ወረዱ። ታማሚው ፊቱ ገርጥቶ፣ ክንዱ በመርፌ ተበሳስቶ፣ ከኋላ ሆኖ ለአላፊ አግዳሚው እጁን ያውለበልባል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን መንገድ እግሩ የሚዞረው በታላቅ ወንድሙ ጉልበት ነበር። በያጁ ያውቃል፤ ካቴናው ይነግረዋል። አንድም ቀን ግን አላነሣበትም።

ባለፈው ዓመት ጉዞ፣ የመጨረሻው ዳገት ላይ፣ በያጁ ፊቱን ሳያዞር «ላቁም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የለም። ደግሞ ጠየቀ። ፔዳሉ ይዞራል፤ ከዚያ ሌላ ምንም። ሆስፒታሉ በር ደረሱ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሡ። ሳምንቱ ሳይሞላ ቀቢው ሞተ።

ሐኪሞቹ ልቡ ከደከመ መቆየቱን፣ ቢነዳም ባይነዳም ያው እንደነበር ተናገሩ። ሚስቱ ግን ይህን የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም። በጉዞው ጠዋት በር ላይ ቆማ «አትሂድብኝ» ብላ ለምናዋለች። ከቀብር በተመለሱ ማግስት፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ወደ ባሏ ወንድም ዞረች።

«መሪው በእጅህ፣ ፍሬኑ በእጅህ። እሱ ምን ነበረው?»

በያጁ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። መልስ አጥቶ አይደለም፤ ነበረው። ያንን መልስ መስጠት ግን ጥፋትን ከራስ አውርዶ ሟች ላይ መጫን መሰለው። መቃብሩ ገና ሳይደርቅ በገዛ ወንድሙ ላይ እንዴት ያላክክ? ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ «ወንድምጋሼ» ማለቷን ተወች። መነሣት ካለበት የሚነሣው «ያ ሰውዬ» ተብሎ ነው። እሱም በሩቁ ካያት መንገድ ይቀይራል። የሁለቱ ቤት የሚራራቀው በአንድ መታጠፊያ ሆኖ ሳለ፣ ዓመት ሙሉ አገር ያህል ተራራቁ። በያጁ ሚስትም ልጅም የለው፤ ከወንድሙ የቀረችው ዘመድ ይቺ ዋርሳው፣ የሟቹ ሚስት ናት። እሷ ገደልከው ካለች፣ ገድዬው ይሆናል ማለት ጀመረ። ብቻውን በራሱ ብስክሌት ብረት ሊገዛ ሲሄድ እንኳ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ «እግር!» ብሎ ይጮኻል። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ ያየዋል። አንገቱን ይደፋና ይወርዳል።

የዘንድሮው ጉዞ ሲቃረብ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ መነጽሩን ቢያነሣ እሷ በሩ ላይ ቆማለች። በተማሪዎች ዩኒፎርም መስፊያ ቤት ትሠራለች፤ ልብሷ ላይ ሰማያዊ የክር ቁርጥራጭ ተጣብቋል። እንደምን ዋልክ የለ፣ ምን የለ፤ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

«አውርደው።»

«ምኑን?»

«ባቡራችሁን ነዋ። ዘንድሮ ከኋላ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ለፀጉር አስተካካዩ ነግሬዋለሁ፤ የመሥሪያ ቤቴም ሰው ቃል ገብቶልኛል።»

«እንዲህ በቀላሉ የሚነዳ አይደለም እኮ፤ ዳገት አለው...»

«ዳገት እንዳለው አውቃለሁ» አለች። «የት እንደወሰድከው ማየት እፈልጋለሁ። እሱ ከተቀመጠበት ሆኜ።»

ምን ይበላት? መሰላል አቁሞ አወረደው። አቧራውን በጨርቅ ሲያብስ፣ ከኋላው መያዣ ብረት ላይ የደረቀ አረንጓዴ ቀለም ብቅ አለ፤ የቀቢው አውራ ጣት ያረፈበት ነው። ሊፍቀው አልደፈረም። እሷም አየችው። የራሷን ጣት እላዩ ላይ አሳረፈችና ቶሎ አነሣች።

ኮርቻውን ዝቅ አደረገላት፤ ካቴናውን ዘይት ቀባ። በብየዳ ቤቱ ፊት ባለው ሜዳማ መንገድ ወዲያና ወዲህ ሲያለማምዳት ሁለቱን ቃላት አስተማራት፤ «እግር!» ስል «እሺ!» በይ፣ በቃ። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ዘለለው። አፉ ጫፍ ላይ እየደረሰ ይውጠዋል። ሰበብ ስትፈልግ ነው ትለኛለች ብሎ ፈራ። በብረትና በእሳት የማይፈራ ሰው አንዲት ቀጭን ሴት እንዴት እንደፈራ!

የጉዞው ጠዋት ከከተማው መሃል ተሰበሰቡ። ፀጉር አስተካካዩ ቀልድ ካልተናገረ ፔዳል የማይዞርለት ሰው ነው። «ለባቡሩ መንገድ ልቀቁ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ፍሬኑን የሠራው ራሱ ነው፤ እኔ አላምነውም!» ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጸጸተው። ፍሬን የሚለውን ቃል በእነዚህ ሁለት ሰዎች ፊት ማንሣት ምን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የሳቀ የለም። በያጁ መሪውን ጨብጦ ጎማው ላይ አፈጠጠ፤ እሷ ከኋላ የጫማዋን ክር አጠበቀች። ከዚያ ተነሡ።

የመጀመሪያው መንገድ ቀላል ነበር። በያጁ በካቴናው በኩል እግሯን እያዳመጠ ይነዳል። የወንድሙ እግር አንዴ ሲመጣ አንዴ ሲጠፋ የሚኖር ነበር። የሷ ሌላ ነው፤ እኩል፣ ያልተቆራረጠ፣ ዕድሜውን በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ሲነዳ የኖረ እግር። መጋዘኖቹን አለፉ፣ ድልድዩን ተሻገሩ። «እግር!» «እሺ!» ከዚህ በቀር አንድም ቃል አልተለዋወጡም። ይህም ቢሆን፣ ከዓመት ዝምታ በኋላ ለበያጁ ብዙ ነበር። አንዳንዴ እግር ማሳረፍ ሳያስፈልገው ሁሉ ይጠራ ነበር፤ እሺ ስትል ለመስማት።

ከዚያ የመጨረሻው ዳገት መጣ። በግራ የሆስፒታሉ ረጅም ግንብ፣ በቀኝ ገደል፣ መሃሉ ቀጥ ያለ አስፋልት። ማርሽ ቀነሰ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ከኋላው የትንፋሿን መቆራረጥ ሰማ፤ አፉም ሳያስበው፣ አምና እዚሁ ቦታ ያለውን አለ።

«ላቁም እንዴ?»

ሴትዮዋ ሰማች። ባሏ የሰማው ቃል ይሄ መሆኑን ማንም ሳይነግራት አወቀች። መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ እግሯ ቀደማት። ልብስ ሰፊ ክር ሲበጠስባት እግሯን ትተክላለች፤ መኪናው ባለበት ቀጥ ይላል። ሃያ ዓመት የለመደ እግር ጌታውን አይጠይቅም። እግሯን ተከለች።

ባቡሩ ዳገቱ መሃል ላይ ቀጥ አለ። በያጁ ሊወድቁ ሲሉ በአንድ እግሩ መሬት ረግጦ ያዛቸው። ከኋላ የነበሩት እየተንጫጩ ዞር ዞር አሉ።

«ምነው? አመመሽ?»

እሷ የምታየው እግሯን ነበር። «እኔ ነኝ ያቆምኩት?»

«አዎ።»

«ፍሬን ሳልነካ?»

«ከኋላ ያለው እግሩን ከተከለ፣ ከፊት ያለው ምንም አያመጣም። ሰማይ ቢደፋ አይዞርም።»

«ይሄን ታውቅ ነበር?»

«እኔ አይደለሁ የሠራሁት።»

«እሱስ?»

«እሱማ» አለ በያጁ፤ ድምፁ ወረደ። «ሊያናድደኝ ሲፈልግ ሥራው ይሄ ነበር። መሃል መንገድ ላይ እግሩን ይተክልና፣ ምን ሆነ ብዬ ስዞር በሳቅ ይፈርሳል።»

ዓመት ሙሉ የያዘችው ቁጣ የሚሄድበት አጥቶ ፊቷ ላይ ሲንከራተት ይታይ ነበር።

«አምና እዚህ ላቁም ብለህ ጠየቅከው።»

«ሁለቴ።»

«እግሩን አልተከለም።»

«አልተከለም።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርከኝም? ሰው ፊት ያን ሁሉ ስልህ?»

«እሱ ነው የፈለገው ልበልሽ? በር ላይ ቆመሽ ለምነሽው?» አለ። «በእሱ ከሚከፋሽ በእኔ ይክፋሽ ብዬ ነው።»

በያጁ ይህን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ሲናገር የሰማው ሰው አልነበረም። እሷ ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች። አለቀሰች። የሚያስለቅሳት አሁን ያ ሰውዬ አልነበረም፤ አትሂድብኝ ስትለው ጫማውን እያሰረ የሳቀው ባሏ ነበር። እንዲህ ያለው ለቅሶ ይከብዳል፤ የሚጣሉት ሰው የለበትም።

ፀጉር አስተካካዩ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ለአንዴ እንኳ ቀልድ አልያዘም። «እንግፋችሁ?» አለ በቀስታ።

«ማንም እንዳይነካን» አለች፤ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ለዋርሳዋ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቀች፤ «እዚህ ጋ ሲደርስ... ፔዳሉን እየገፋ ነበር? ወይስ አንተ ነህ የጎተትከው?»

በያጁ አሰበ። ለማስደሰት ብሎ መዋሸት አልፈለገም፤ ደግነቱ መዋሸት አላስፈለገውም።

«እየገፋ ነበር። ብዙ አይደለም፤ የሕፃን ልጅ ያህል። ግን እስከ በሩ አላቋረጠም።»

ራሷን ነቀነቀች። አረንጓዴው ቀለም ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች፤ አሁን አላነሣችውም።

«እሱ ምን ነበረው ብዬህ ነበር» አለች። «እግሩ ነበረው።»

ከዳገት መሃል ባለ ሁለት ኮርቻ ማስነሣት ቀላል አይደለም። «በል ወንድምጋሼ፣ እንሂድ» ስትለው በያጁ የሰማውን ለማመን ትንሽ ዘገየና የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። በሁለተኛው ወዲያና ወዲህ እየተወላገዱ ተነሡ። ካቴናው ጠበቀ። ከኋላው የመጣው ጉልበት የሕፃን አልነበረም፤ ከወገቡ ያዝ አድርጎ ሽቅብ የሚወስድ ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሰዎች ቆመዋል። ክንዳቸው በፋሻ የታሰረ፣ ወንበር ይዘው የወጡ፣ ከእጥበት ገና የተነሡ። ከቀቢው ጋር ወረፋ ይይዙ የነበሩትም አሉበት፤ ከኋላው ኮርቻ ላይ ማን እንዳለች ሲያዩ ጭብጨባቸው ለአፍታ ተቋረጠና እንደገና ተነሣ። በያጁ እዚህ ጋ መጥራት ነበረበት። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣ አለው። በሩ እየቀረበ ነው፣ ዓይኑ በእንባ ተጋርዷል።

«እግር!» አለች እሷ ከኋላ።

«እሺ» አለ።

አራቱም እግሮች አብረው ቆሙ።