ኮምፒውተሩን ብርድ መታው

እማማ ሥራነሽ ባለቤታቸው አንሙት ከሞቱ ዓመት ሊሞላ ሲል በግና ላሙን ሸጠው፣ ቤታቸውን ዘግተው፣ አንድ ጋቢና እንዝርታቸውን ይዘው ከአምበር ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ልጃቸው አይናዲስ ዘንድ ገቡ። እንግዳ ሲሰነብት ይከብዳል ይባላል። እሳቸው ግን ሁለተኛ ወራቸውን ይዘው ነበር፤ ልጅቱም አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችባቸውም።

አይናዲስ ከፍርድ ቤቱ ዝቅ ብላ በተከራየቻት ክፍል በኮምፒውተር ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። ከመጋረጃው ወዲህ ሥራ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ ነው። ወሩ ነሐሴ ስለነበር ቆርቆሮውን ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲደበድበው ይውላል። እማማ ሥራነሽ ጥጣቸውን ይዘው ከኮምፒውተሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ከሳጥኑ ኋላ ለብ ያለ አየር ይወጣልና እሱን ይሞቃሉ። እንዝርታቸው ይዞራል፣ ሳጥኑም ውስጥ የሆነ ነገር ይዞራል፣ ዝናቡ ይወርዳል። ቆየት ሲል የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ ይጠፋቸውና በተቀመጡበት ሸለብ ያደርጋቸዋል። በዚያች ሸለብታ የአምበሩ ማሳቸው ይመጣል፤ ጤፉ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ሰው ግን የለበትም። ሲነቁ ልጃቸው እዚያው እየጻፈች ነው፤ ደስ ይላቸዋል።

ታዲያ ገና በመጡ ማግስት ከሳጥኑ ውስጥ ማቃሰት ሰምተው ነበር። ህርር ይላል፣ ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ህርር ይላል። ብርድ የመታው ደረት እንዲህ ነው። አትሳቁ፤ ብረት መሆኑን አጥተውት አይደለም። ብቻ የሚያቃስትን ነገር ዝም ብሎ ማየት አንጀታቸው እንቢ አለ።

አይናዲስ የጻፈችውን ልታደርስ ወደ ቢሮዎቹ ስትወጣ ኮምፒውተሩን አታጠፋውም። ያኔ እማማ ሥራነሽ ይነሱና ጋቢያቸውን ከላይ እስከ ታች፣ ከኋላም ሳይቀር ያለብሱታል። ጥቂት ቆይቶ ማቃሰቱ ይቆማል። ተኛልኝ ብለው ደስ ይላቸዋል። ምን ይተኛል፣ በሙቀት ታፍኖ ራሱን አጠፋ እንጂ። የልጅቱ እርምጃ ደጅ ላይ ሲሰማ፣ እናቴ ጃጀች እንዳትል ፈርተው ጋቢውን ገፈው መልሰው ይደርቡታል።

አይናዲስ ስትገባ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ የጀመረችውን ጽሑፍ ውኃ በልቶት ታገኛለች። መብራቱ ነው ብላ ሶኬት ቀየረች። ገመዱ ነው ብላ ገመድ ተዋሰች። ይባስ ብሎ ጋቢ በሌለበት፣ እሷ እየጻፈችበትም ድርግም ማለት ጀመረ። ባለጉዳዮቹ ምን ይጠብቃሉ፤ አንድ በአንድ ወደ ጎረቤት ሄዱ።

እማማ ሥራነሽ ይህን አዩ። እግሬ ነው አሉ፤ እኔ ከመጣሁ ወዲህ ነው፤ የልጄን እንጀራ ልዘጋ መጣሁ። ባዶው ቤት ቢያስፈራቸውም እሑድ በሚወጣው መኪና ወደ አምበር ሊመለሱ ቆረጡ። አይናዲስ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። የታመመው ማሽኑ ነው፣ ያንቺ እግር እዚህ ምን አገባው ብላ ብትሟገትም አልሰሟትም።

ዓርብ ረፋድ ዝናቡ ጋብ ሲል ሳጥኑን ወደ በሩ ብርሃን አወጣችውና የጎኑን ክዳን ፈታች። እንደተከፈተ ብታስነሳው ውስጥ ያለችው ትንሽ ፋን ልትዞር ትንቀጠቀጣለች፣ ግን አቃታት። ኮምፒውተሩን የምታበርደው እሷ ናት፣ እሷ ካልዞረች ግሎ ይጠፋል ብላ ለእናቷ አስረዳቻቸው። ከዚያ ገመዱን ነቅላ ከፋኗ ክንፎች ሥር የተጠመጠመውን በወረንጦ ትመዝ ጀመር። ነጭ ነገር ወጣ። አይናዲስ አየችው፣ ጋቢውንም አየችው፣ ከዚያ ቶሎ ዓይኗን ሰበረች። አቧራ ነው፣ ጣይልኝ ብላ በእናቷ መዳፍ ላይ አኖረችው።

እማማ ሥራነሽ አልጣሉትም። በሁለት ጣታቸው መካከል አሹት። ዕድሜ ልኩን ጥጥ የፈተለ እጅ የራሱን ፈትል መቼም አይስትም።

«አቧራ አይደለም፣ የኔ ጋቢ ነው» አሉ። «አንቺ ስትወጪ እያለበስሁ የገደልሁት እኔ ነኝ።»

አይናዲስ ማቃሰቱን መቼ እንደሰሙት ጠየቀቻቸው። በመጣሁ ማግስት ሲሏት ሳቋ አመለጣት። እሷ ሁለት ዓመት ፊቱ ተቀምጣ ሕመሙን አልሰማችለትም። የፋኗ ዘይት ቀድሞውኑ ደርቆ እንደነበረ፣ ጋቢው ቢያባብሰው እንጂ እንዳልጀመረው ነገረቻቸው። የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጋ ስታስነሳው ፋኗ ዞረች፤ ማቃሰትም የለ።

እናትየው ግን አልሳቁም። ዓይናቸው ገና ፋኗ ላይ ነው።

«አባትሽ እንዲህ ሲያቃስት ነው አሉ ያደረው» አሉ። «የሸፈነው ሰው ነበር?»

መልሱን ፈርተው ዓመት ሙሉ ያልጠየቁት ይህን ነው። አንሙት ከጮቄ ተራራ በኩል ካለ ገበያ ሲመለሱ በረዶ ይዟቸው በማያውቁት ሰው ቤት ወደቁ። ጋቢያቸው የዚያን ቀን ታጥቦ ስላልደረቀ ቤት ቀርቶ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ሚስታቸው መሻገር አልቻሉም፤ ከማርቆስ በኩል የደረሰችውም የቀበረችውም አይናዲስ ናት።

«ነበር እማ» አለች አይናዲስ። «የቤቲቱ እመቤት የራሷን ጋቢ ከላይዋ ገፍፋ አልብሳዋለች። ስደርስ ትንፋሹ አልወጣችም ነበር። እጁን ያዝሁት፤ ሙቅ ነበር።»

«ሙቅ ነበር?»

«ሙቅ ነበር።»

እማማ ሥራነሽ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው እስኪወጣላቸው አለቀሱ። አይናዲስም አጠገባቸው ቁጭ አለች። እሑድ የአምበሩ መኪና ያለ እሳቸው ሄደ።