የሰፈራችን ነጭ አጋዘን

ይህ የደረሰብን ባለፈው ጥር ነው። ገና ስላልራቀ ይሁን ወይም እኔ ቂመኛ ስለሆንኩ እንጃ፣ ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ «ተይው በቃ፣ አልፏል» ይለኛል። ለእኔ አላለፈም።

የምንኖረው ኦክላንድ፣ ከኮረብታው ግርጌ ባለ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ባለቤቴ ከወደቡ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ እኔ ሆስፒታል ውስጥ ረዳት ነርስ ነኝ። አባቴ ከሆሳዕና ከተማ እኛ ዘንድ ከመጡ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው።

አባቴ ጸሎተኛ ናቸው፤ ጸሎታቸው ደግሞ በሹክሹክታ አይደለም። አገር ቤት ሳሉ ገና ሳይነጋ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከቤታችን ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ይወጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልዩ ነበር። ጎረቤት አይቆጣም፤ ግማሹ ጎረቤት አብሯቸው ነው። እዚህ ግን ሳሎን ውስጥ መጸለይ በጀመሩ በሳምንቱ ከታች ያለችው ተከራይ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበች፤ ቀጥሎ ከማኔጀሩ ኢሜይል መጣ። አባቴ «ሰው እያስቸገሩ ጸሎት የለም» አሉና ከሰፈሩ ጀርባ ወደ ኮረብታው የሚወጣ የእግር መንገድ አገኙ። ለማንም ክፍት የሆነ መንገድ ነው። ማለዳ ማለዳ እዚያ ወጥተው፣ እንደ ልባቸው ጮኸው ጸልየው፣ ፊታቸው በርቶ ለቁርስ ይመለሳሉ። ከመጡ ወዲህ ከልባቸው ደስ ብሏቸው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከመንገዱ አጠገብ ትልልቅ ቤቶች አሉ። የአንዱ ባለቤት ግሬግ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ፣ አጋዘን የሚወድ ሰው ነው። አጥሩ ላይ፣ ነገር ሲንቀሳቀስ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ አስሯል። ካሜራው የያዛቸውን አጋዘኖች የሰፈሩ ሰው ሁሉ ባለበት የስልክ ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። እኔም እዚያ ግሩፕ ውስጥ አለሁ፤ የገባሁት ደጃፌ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ከተሰረቀብኝ በኋላ ነው።

ጥር መግቢያ ላይ ግሬግ አንድ ብዥ ያለ ፎቶ ለጠፈ። ጎህ ሳይቀድ የተነሳ ነው። ሁለት አጋዘኖች ሣር ይግጣሉ፤ ከመሃላቸው፣ ከቁጥቋጦው ኋላ፣ አንድ ነጭ ነገር ተኝቷል። «ነጭ አጋዘን! እዚህ ሰፈር ዕድሜዬን ስኖር እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» ብሎ ጻፈ። ሰፈሩ አበደ። በማግስቱ ሌላ ፎቶ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። አንዷ «ቀንድ የለውም እኮ» ብትል፣ አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ ወንዶቹ በዚህ ወቅት ቀንዳቸውን እንደሚጥሉ በሰፊው አስረዳት። ልጆች ስም አወጡለት። ሰዎች ፖም እየቆረጡ መንገዱ ዳር ያስቀምጡለት ጀመር። ውሻ ይዛችሁ እንዳትወጡ፣ እንዳይደነግጥ፣ ተባባሉ።

እኔም ደስ ብሎኝ ፎቶውን ለአባቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ተመለከቱት።

«ይቺ ጆሮዋ የተቀደደው የኔ ናት፤ ስጸልይ አጠገቤ ነው የምትግጠው» አሉ። ቀጥለው ነጩን ነገር በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ይሄ ግን ጋቢዬ ነው።»

ለካ ተንበርክከው፣ ጋቢውን ከራሳቸው ተከናንበው፣ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ሳሉ ነው ካሜራው ያነሳቸው። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ልጄማ «ግራንድፓ፣ ዩ አር ፌመስ!» እያለች ቤቱን ዞረችው።

«ልንገራቸው እንዴ አባባ?» አልኳቸው።

«ተያቸው፣ ደስ ብሏቸዋል። የሰው ደስታ ማበላሸት ምን ያደርግልሻል?»

ወሩ መጨረሻ ላይ ዝናቡ አላባራ አለ። ጋቢው ርሶ ስላልደረቀ አባቴ የባለቤቴን የሥራ ጃኬት ለበሱ፤ ጥቁር፣ ኮፍያ ያለው ነው። ዝናቡ አቆይቷቸው የወጡትም ከነጋ በኋላ ነበር። እኔ ሥራ ገብቻለሁ። ብሬክ ላይ ስልኬን ስከፍት ግሩፑ ተተራምሷል። የዛሬው ፎቶ ጥርት ያለ ነው። አባቴ ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ አፋቸው ተከፍቶ ይታያል።

«ከቤታችን ጀርባ አጠራጣሪ ሰው አለ፤ የሚያውቀው አለ?» ይላል ግሬግ። «ብቻውን ይጮኻል» ይላል ሌላው። «ዕፅ ወስዶ ይሆናል።» «ልጆች አታስወጡ።» «ፖሊስ ጠርቻለሁ።»

«አባቴ ናቸው! እየጸለዩ ነው!» ብዬ ጻፍኩ። መልስ የሰጠኝ የለም። አባቴ ጋ ደወልኩ፤ ለጸሎት ሲወጡ ስልክ አይዙም። ለሱፐርቫይዘሬ «ኢመርጀንሲ ነው» ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ስደርስ አባቴ እርጥቡ የመንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ፖሊሶች ከፊታቸው ቆመዋል። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ከጎናቸው መሬት ላይ ወድቆ ካፊያ ይወርድበታል። መታወቂያ ተጠይቀዋል፤ አልያዙም። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ፖሊሶቹ «እጅ ወደ ላይ!» ሲሉ እጃቸው ቀድሞም ወደ ላይ ነበር፤ ሌላ ምን እንደሚፈለግባቸው ግራ ገብቷቸው እንደዚያው ቆመው ቀሩ። እጃቸውን መጽሐፋቸውን ሊያነሱ ቢሰዱ ኖሮ ምን ሊመጣ ይችል እንደነበር እዚህ አገር የኖረ ያውቀዋል።

ፖሊሶቹ ካናገርኳቸው በኋላ በጨዋ ደንብ ተሰናብተው ሄዱ። ግሬግ የቡና ኩባያውን እንደያዘ የአጥሩ በር ላይ ቆሟል።

«በክፉ አትይው» አለኝ። «እዚህ ሰፈር አንዳችን የሌላችንን ቤት እንጠብቃለን።»

«አባቴስ የዚህ ሰፈር ሰው አይደሉም?»

«አላወቅኋቸውም እኮ» አለ።

ቆሽቴ አረረ። ለጋቢው ፖም የቆረጡ ሰዎች ናቸው ለባለጋቢው ፖሊስ የጠሩት። ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ክንዴን ያዙኝ።

«ነይ ልጄ፣ እንሂድ፤ በርዶኛል» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኮረብታው ላይ ወጥተው አያውቁም። አብሬዎት ልውጣ ብላቸው፣ ባለቤቴም ቢለምናቸው፣ እምቢ አሉ። «ዓይኔን ጨፍኜ ኋላዬን እያዳመጥኩ እንዴት ልጸልይ?» አሉኝ። አሁን የሚጸልዩት ከአፓርትመንቱ ሥር ባለው ጋራዥ፣ የእኔ መኪና ውስጥ ነው፤ ድምፅ እንዳይወጣ መስኮቱን ግጥም አድርገው ዘግተው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። በየካቲት ሱቅ ወረፋ ላይ ግሬግ አገኘኝ።

«ነጩ አጋዘን ከዚያ ቀን ወዲህ ጠፋ» አለኝ። «ያ ግርግር ሳያስደነግጠው አልቀረም። አባትሽ እዚያ ይወጡ ከነበረ፣ ምናልባት አይተውት ይሆን?»

ከልቡ አዝኗል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አባትሽ እንዴት ናቸው ግን አላለኝም።

ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ብነግረው ግን ያን ሁሉ ፎቶ አንድ በአንድ አውጥተው በአባቴ ይሳሳቁባቸዋል። ሆድ ይፍጀው ብዬ «አላዩትም» አልኩት።

ማታ ለአባቴ ስነግራቸው ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። «ምስኪን» አሉ ብቻ።

ባለፈው ቅዳሜ ለቁርስ ልጠራቸው ጋራዥ ወረድኩ። ትንፋሻቸው የመኪናውን መስታወት ጭጋግ አልብሶታል። ድምፃቸው ታፍኖ ይሰማል። የእኛን ስም ጠርተው ጨርሰው ጎረቤት ላይ ደርሰዋል። «ግሬግን ባርከው ጌታ ሆይ፣ ቤቱን ጠብቅለት፣ ልቡን ደስ አሰኘው» ይላሉ።

እኛ ቤት አባት ሲጸልይ የሰማ ሁሉ አሜን ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልል ቀርቼ አላውቅም። ያን ቀን የመኪናውን በር ይዤ ቆምኩ፤ ቃሉ አልወጣልኝም። እስካሁንም አላልኩም።