ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ ቁልፍ

መሥሪያ ቤት ሳለች «ሃሎ» ነበር የሚሏት። የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ስለነበረች ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሁሉም ቀኑን የሚጀምረው በእሷ ድምፅ ነው። ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነበራት። ድምፁን ሰምተው ሰበብ እየፈለጉ ማዞሪያው ክፍል ድረስ የመጡ ወንዶች ነበሩ፤ መጥተው ካዩዋት በኋላ «ይቅርታ፣ ክፍል ተሳስቼ ነው» ብለው የሚመለሱ። ይህን ራሷ እየሳቀች ታወራዋለች። ታላቅ እህቷ ግን በሰማች ቁጥር ትቆጣ ነበር።

ሁለቱ እህትማማቾች ሳያገቡ አብረው አረጁ። እህትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ ወሬዋ የስፌት መኪናው ድምፅ የማያሸንፈው፣ ግድግዳ የማይበግረው ሴት። አንዷ ማድ ቤት፣ ሌላዋ መኝታ ቤት ሆነው ሲጯጯሁ ነው የኖሩት። ሃሎ ጡረታ የወጣች ዕለት እህቷ፣ እስከ ዛሬ የሰው ወሬ ስታቀባብይ ኖረሻል፣ ከእንግዲህ ተቀምጠሽ የኔን ስሚ አለቻት። ብዙም ሳይቆይ ግን እህትየው ታመመች። ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል አረፈች።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱ ሰው አላጣም። ሐዘኑ እንኳ ከሰው ጋር ሲሆን ቀለል ይላል። በኋላ ሁሉም ወደየጉዳዩ ሄደ፤ ቤቱም ጭር አለ። አንዳንድ ቀን ሲመሽ ሃሎ ታስብና ከጠዋት ጀምሮ ከአፏ አንድ ቃል እንዳልወጣ ይገባታል። ያኔ ጉሮሮዋን ጠራርጋ የሆነ ነገር ትላለች፤ ድምፅዋ አለ ወይ ብላ እንደ መሞከር። ሬዲዮ ላይ ዜና አንባቢው «ደህና ዋሉ» ሲል «እርስዎም ደህና ይዋሉ» ማለት የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው።

አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳዋን ሰረቋት። የያዘው ገንዘብ ኢምንት ነበር። የቤቷ መክፈቻና አድራሻዋ የተጻፈበት መታወቂያ ግን አብረው ሄዱ። ያን ዕለት ዞራ በጓሮ፣ መቀርቀሪያው በላላው በር በኩል ገባች። ሌላ ከተማ የምትሠራው የወንድሟ ልጅ እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ ይህን ስትሰማ ልትሞት ደረሰች። መክፈቻሽም አድራሻሽም ሌባ እጅ ገብቶ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል፣ ነገ ዛሬ ሳትይ ቁልፉን አስቀይሪ ብላ ወተወተቻት።

ቁልፍ ሠሪው ከዳቦ ቤቱ ጎን ጠባብ ሱቅ ያለው፣ ወፍራም፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። በማግስቱ ጠዋት የመሣሪያ ሣጥኑን ተሸክሞ መጣ። ገና ሥራ ሲጀምር ሃሎ የሚያወራ ሰው ሰማች መሰላትና ከማድ ቤት ወጣች። ሰውየው የሚያወራው ከብሎኑ ጋር ነበር።

«ነይ እንጂ፣ ምን ያኮርፍሻል» ይላታል፣ ካቻቢቴውን እያዞረ። «ሃያ ዓመት እዚህ መቀመጥ አልሰለቸሽም?»

ሃሎ ሳቀች። ከሳቀች መቆየቷን ያወቀችው ሳቁ ደረቷን ሲያማት ነው። ሻይ አፈላችለት፤ ዳቦ ቆረሰችለት። እሱ አሮጌውን ቀዳዳ በእንጨት ደፍኖ አዲሱን በመሮ ሲፈለፍል መዶሻው ቀው ቀው እያለ ቤቱን ሞላው። ከመዶሻው በላይ ለመሰማት መጮህ ነበረባት። እየጮኸች ስለ ድሮ መሥሪያ ቤቷ ነገረችው። እየጮኸ ስለ ሚስቱ ነገራት፤ የሰው ቁልፍ ሲሠራ ይውላል እንጂ የቤታችን ሳጥን ቁልፍ ከተሰበረ ዘመን የለውም ብላ እንደምታማው።

ምሳ ሰዓት ላይ ጨረሰ። በሩን ከፈት ዘጋ አድርጎ አሳያት። ይሄ እንደ ድሮው አይደለም፣ ሲዘጋ ራሱ ይቆለፋል፣ ሲወጡ መክፈቻውን እንዳይረሱ የሚለውን በአክብሮት ደጋግሞ ነገራት። ከዚያ ሦስት መክፈቻ በአንድ ቀለበት አድርጎ ሰጣት።

«አንዱን ለርስዎ። የቀሩትን ደግሞ ለሚያምኑት ሰው።»

መክፈቻዎቹን ቶሎ ብላ ተቀበለችው፤ የሚያምኑት ሰው ማን ነው ብሎ እንዳይጠይቃት የፈራች ይመስል። ሣጥኑን ሲዘጋ ስታይ፣ የጓሮው በር መቀርቀሪያም ላልቷል አለችው። ይህ እውነት ነበር። በሌላ ቀን መጥቶ እሱንም ቀየረ።

ቀጥሎ የዕቃ ቤቱን አለችው። ዕቃ ቤት ውስጥ ያለው ባዶ ጠርሙስና አሮጌ ጃንጥላ ነው፤ ለእሱ ግን ከአሁን በፊት ሌባ ሞክሮን ያውቃል ብላ ዋሸችው። ቀጥሎ የማድ ቤቱን። እሑድ የወንድሟ ልጅ ስትደውል ይህን ሁሉ ነገረቻት። ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች።

«አክስቴ፣ ወርቅ ቤት ልትከፍቺ ነው እንዴ? ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ ቁልፍ?»

ሃሎም አብራት ሳቀች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ቁልፉ ያልተቀየረ በር ስንት እንደ ቀረ ቆጠረች።

የመጨረሻው የእህቷ ክፍል ነበር። ቁልፍ ሠሪው ሣጥኑን አስቀምጦ ወደ ውስጥ አየ። አልጋው ተነጥፏል። የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሷል። መስኮቱ ላይ መርፌ የተሰካባት ትንሽ ትራስ አለች። ማን እንደሚተኛበት ጠየቃት። እህቴ አለችው። መንገድ ሄደው ነው ወይ አለ። አርፋለች አለችው።

ያነሣውን መሮ መልሶ ሣጥኑ ውስጥ አኖረ።

«እትዬ፣ ታዲያ ማን እንዳይገባ ነው የምንቆልፈው?»

ሃሎ የተነጠፈውን አልጋ እንደ ገና ታቃና ጀመር።

«ለኔ ሥራዬ ነው፤ ቁልፍ አምጣ ካሉኝ አመጣለሁ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄን ግን አልሠራም። ይቅርብዎ።»

ቢያሾፍባት ይሻላት ነበር። ደም ፊቷ ላይ ወጣ። ገብቶታል፤ ምናልባትም ከሁለተኛው በር ጀምሮ ገብቶት ኖሯል። ለድካሙ አመስግና በር ድረስ ሸኘችው፤ ሻይ ጠጣም አላለችውም። ከዚያን ቀን በኋላ በሱቁ በኩል ማለፍ ተወች። ዳቦ ለመግዛት እንኳ ዙሪያ ጥምጥም ሄዳ ከሌላ ዳቦ ቤት ትገዛ ጀመር። ዳቦው አይጥምም፤ ቢሆንም ኀፍረቷን ዋጥ አድርጋ በላችው። ቤቱም እንደ ገና ዝም አለ። አሁን ደግሞ ሁሉም በር ስለሚቆለፍ፣ ከክፍል ክፍል ስትሄድ የሚሰማው የመክፈቻ ድምፅ ብቻ ሆነ።

እንዲህ እያለች አንድ ጠዋት ደጇን ልትጠርግ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወጣች። ነፋስ ነበር። ከኋላዋ በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። መጥረጊያዋን እንደያዘች ዞራ አየችው። መክፈቻዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ሦስቱም በዚያው ቀለበት እንዳሉ ጠረጴዛው ላይ። በጓሮ ዞረች፤ እዚያም አዲሱ ቁልፍ ሥራውን እየሠራ ነው። ተመልሳ ደጃፉ ላይ ቆመች። ተሳፋሪ፣ ተማሪ፣ ሻጭ በፊቷ ያልፋል፤ አንዱም ቆሞ ምን ሆነሽ አላላትም። ልጠይቅ ብትልስ ማንን? ዕድሜዋን የኖረችበት ሰፈር ነው።

የማዶው በር ተከፈተ። እዚያ የምትኖረው አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ ናት፤ ረጅም፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት። ድሮ እህትየው፣ የልብስ እጣቢ ውኃ ወደ በራችን ትለቂያለሽ ብላት ተጣልተው ነበር። እህት ስታኮርፍ ሃሎም አብራ አኮረፈች። ውኃው ከደረቀ ስንት ዘመኑ፤ ኩርፊያው ግን እንደ ርስት ቀረ።

«ተዘጋብዎ?» አለች አዋላጇ ከማዶ።

«ተዘጋብኝ።»

መንገዱን እያነከሰች ተሻገረች። ሃሎን በክንዷ ይዛ ወሰደቻትና ቤቷ አስቀመጠቻት፤ እግሯ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አደረገችባት። ቁልፍ ሠሪውን ራሷ ሄዳ ልትጠራ ወጣች። ሃሎ እምቢ ልትል ነበር፤ ዳሩ ግን ቁልፉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ብቻዋን በሰው ቤት ተቀምጣ በመስኮት የራሷን በር አየች። ከዚህ በኩል አይታው አታውቅም። ቀለሙ ለቅቋል።

ቁልፍ ሠሪው መጥቶ በሩን ሳይጎዳ ከፈተው። ስላለፈው አንዳች አላነሣም። ሦስቱን መክፈቻ ጠረጴዛው ላይ አብረው ሲያያቸው ግን አንዴ ሃሎን፣ አንዴ አዋላጇን ተመለከተ። «ትርፉ መክፈቻ እኮ ከውጭ ነው የሚቀመጠው» ብሎ ሣጥኑን ዘግቶ ሄደ።

ሃሎ አንዱን ከቀለበቱ ለማውጣት ታገለች፤ ጣቷ እምቢ አላት። አዋላጇ ተቀብላ አወጣችው፤ ግን ወዲያው ኪሷ አልከተተችውም።

«ከእህትሽ ጋር የተጣላሁት እኔ ነኝ፤ ካንቺ ጋር ምን አለኝ?» አለች። «ስታርፍ ልመጣ ተነሥቼ፣ በርሽ ድረስ ደርሼ ተመለስኩ። አፈርኩ።»

«ብትገቢ ጥሩ ነበር» አለች ሃሎ።

የልብ ወዳጅ ሆኑ ለማለት አይቻልም። አዋላጇ ወሬ አይሆንላትም። ቢሆንላትም አንድ ጆሮዋ አይሰማም፤ የሃሎ ድምፅ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። አብረው ሲቀመጡ ዝምታው ይበዛል። አመሻሽ ላይ ሃሎ ወደ ቤቷ ስትመለስ የሚጠብቃት የለም፤ ለሬዲዮው መልስ መስጠቷንም አልተወችም። ሆኖም ጠዋት የሃሎ መጋረጃ ሳይገለጥ ከዘገየ፣ አዋላጇ በዚያ በታመመ ጉልበቷ መንገዱን ተሻግራ፣ መክፈቻው ኪሷ ውስጥ እያለ፣ ታንኳኳለች። ምን ሆንሽ አትልም፤ ስኳር አልቆብኝ ነው ትላለች። ቤቷ ስኳር ሞልቶ መትረፉን ሃሎ ታውቃለች። በብርጭቆ ሞልታ ትሰጣታለች።